ቫይታሚን ሲ እና ኒውሮብላስቶማ፦ ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ልጅ ካንሰር ያዘው ሲባል ዘመድ አዝማድ፣ ጎረቤትና ባልንጀራ የሚያውቀውን ይዞ ይመጣል። አንዱ ሎሚ ጨምቁለት ይላል፣ ሌላው ከውጭ አገር የተላከ የቫይታሚን ሲ እንክብል ያመጣል። ኒውሮብላስቶማ በሚባለው የሕፃናት የነርቭ ካንሰር ላይ ግን ቫይታሚን ሲ በዘልማድ ብቻ የሚነሳ ስም አይደለም። ካንሰሩ የሚነሳበት ሕዋስ ከዚህ ቫይታሚን ጋር እውነተኛ ቁርኝት አለው። ቁርኝቱ ምን እንደሆነ በደንብ ስለማይነገር አንዱ «ይገድለዋል»፣ ሌላው «ይመግበዋል» ይላል፤ በመሃል ወላጅ ግራ ይጋባል። እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኒውሮብላስቶማ ምን ዓይነት ካንሰር ነው?

ፅንስ ማህፀን ውስጥ እያለ፣ የነርቭ ሥርዓትን ከሚሠሩት ሕዋሳት የተወሰኑት ከጀርባ በኩል ተነስተው ወደየቦታቸው ይጓዛሉ። አንዳንዶቹ በአከርካሪ ግራና ቀኝ ተሰልፈው ሲምፓቴቲክ የሚባለውን የነርቭ መረብ ይሠራሉ፤ ስንደነግጥ ልባችንን የሚያስመታው እሱ ነው። ሌሎቹ ኩላሊት አናት ላይ ባለው አድሬናል እጢ መሃል ይሰፍራሉ። ኒውሮብላስቶማ የሚነሳው ከነዚህ መካከል ሳይበስሉ ቀርተው መባዛት ከቀጠሉት ነው። ስለዚህ «የነርቭ ካንሰር» ሲባል የአንጎል ካንሰር ማለት አይደለም። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ሆድ ውስጥ፣ አድሬናል ላይ ሲሆን በደረት፣ በአንገትና በዳሌ አካባቢም ይነሳል።

አብዛኞቹ ታማሚዎች ከ5 ዓመት በታች ናቸው። ዓመት ባልሞላቸው ሕፃናት ላይ ከሚታዩ ካንሰሮች ደግሞ ቀዳሚው ይህ ነው። ቤተሰብ መጀመሪያ የሚያስተውለው የሆድ ማበጥ፣ የማይለቅ ትኩሳት፣ የአጥንት ሕመም፣ ማነከስ፣ ወይም ልጁ ሳይመታ በዓይኑ ዙሪያ የሚወጣ ጥቁረት ሊሆን ይችላል። ጠባዩ እጅግ የተለያየ ነው። በአንዳንድ ጨቅላዎች ላይ ያለ ምንም ሕክምና ከስሞ ይጠፋል። በሌሎች ልጆች ላይ ደግሞ መቅኔና አጥንት ውስጥ ተሰራጭቶ ይገኛል። ኤም-ዋይ-ሲ-ኤን የተባለው ጂን በብዙ ቅጂ ተባዝቶ ከተገኘ ካንሰሩ ኃይለኛ ነው ማለት ነው፤ ይህ ከ5 ታማሚዎች በ1ዱ ገደማ ይታያል።

ቫይታሚን ሲን ከዚህ ካንሰር ጋር ምን አገናኘው?

አድሬናል እጢ ነው ያገናኛቸው። ቫይታሚን ሲ በሰውነታችን ውስጥ በብዛት ከሚከማችባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ እጢ ነው። ሃንጋሪያዊው ሳይንቲስት አልበርት ሴንት-ጆርጂ በ1928 ካምብሪጅ ውስጥ ቫይታሚኑን ለይቶ ሲያወጣ የተጠቀመው የበሬ አድሬናል ነበር። ያኔ ምን እንዳገኘ ስላልታወቀ ሄክሱሮኒክ አሲድ ብሎ ሰየመው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ስከርቪ የሚባለውን በሽታ የሚከላከለው ቫይታሚን እሱ ራሱ መሆኑ ተረጋገጠ፤ ሴንት-ጆርጂም በ1937 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው።

እጢው ይህን ሁሉ ቫይታሚን የሚያከማቸው ስለሚሠራበት ነው። የሲምፓቴቲክ ሕዋስ ዋና ተግባሩ ኖርአድሬናሊን መሥራት ነው። መነሻው ታይሮሲን የተባለ አሚኖ አሲድ ነው፤ ታይሮሲን ወደ ዶፓ፣ ዶፓ ወደ ዶፓሚን፣ ዶፓሚን ወደ ኖርአድሬናሊን ይለወጣል። የመጨረሻውን ለውጥ የሚያካሂደው ዶፓሚን ቤታ-ሃይድሮክሲሌዝ የሚባል፣ መዳብ ያዘለ ኢንዛይም ነው። ኢንዛይሙ በሠራ ቁጥር መዳቡ ኤሌክትሮን ያጣል። ቫይታሚን ሲ ኤሌክትሮኑን ካልመለሰለት ሥራው ይቆማል።

እዚህ ላይ ትንሽ ጠጋ ብለን እንየው። ይህ ሥራ የሚካሄደው ሕዋሱ ውስጥ ባሉ ጥቃቅን ከረጢቶች ነው። ከረጢቱ ውስጥ ያለው ቫይታሚን ሲ ኤሌክትሮኑን ለመዳቡ ይሰጣል። ከዚያ በከረጢቱ ሽፋን ላይ የተሰካው ሳይቶክሮም ቢ561 የተባለ ፕሮቲን፣ ከከረጢቱ ውጭ ካለው ቫይታሚን ሲ ኤሌክትሮን ተቀብሎ ወደ ውስጥ ያሻግርለታል። ውስጥ ያለው ቫይታሚን በዚህ መንገድ ሳያልቅ በተደጋጋሚ ያገለግላል። ውጭ ያለው ደግሞ በሕዋሱ ሌሎች ኢንዛይሞች ይታደሳል።

ካንሰር የሆነውም ሕዋስ ይህን የትውልድ ሥራውን ሙሉ በሙሉ አይረሳም። በ1970 ከአንዲት የ4 ዓመት ልጅ መቅኔ ከተወሰደ ናሙና ኤስኬ-ኤን-ኤስኤች የተባለ የሕዋስ ዘር ተገኘ። ከእሱ የተለየው ኤስኤች-ኤስዋይ5ዋይ ዛሬም በዓለም ዙሪያ ባሉ ላቦራቶሪዎች ይራባል። እነዚህ ሕዋሳት ቫይታሚን ሲ ሲጨመርላቸው ከዶፓሚን የሚሠሩት ኖርአድሬናሊን ይጨምራል። ቫይታሚኑ ለኒውሮብላስቶማ ሕዋስ ከምንም በፊት የሥራ ግብዓት ነው። ስለ መርዝነቱ የሚወራው ሁሉ ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣ ነው።

ቫይታሚኑ ወደ ካንሰር ሕዋሱ የሚገባው እንዴት ነው?

በሁለት በር ይገባል። የመጀመሪያው ኤስቪሲቲ2 የሚባለው አጓጓዥ ፕሮቲን ነው። ይህ በር የሚቀበለው ቫይታሚን ሲን እንዳለ፣ አስኮርቤት ሆኖ ሲመጣ ነው፤ ሶዲየምን አብሮ እያስገባ በሶዲየሙ ግፊት ቫይታሚኑን ወደ ውስጥ ይስባል። ስለዚህ ደም ውስጥ ያለው መጠን አነስተኛ ቢሆንም ሕዋሱ ውስጥ በብዙ እጥፍ ሊከማች ይችላል። ኤስኤች-ኤስዋይ5ዋይ ሕዋሳት ይህ በር አላቸው።

ሁለተኛው በር የተሠራው ለስኳር ነው። ቫይታሚን ሲ ኤሌክትሮኖቹን ሲያጣ ዲሃይድሮአስኮርቢክ አሲድ ወደሚባል መልክ ይለወጣል። ይህ መልኩ ግሉኮስን ስለሚመስል ግሉት1 እና ግሉት3 በሚባሉት የግሉኮስ በሮች ሾልኮ ይገባል። የካንሰር ሕዋሳት ስኳር በብዛት ስለሚወስዱ በነሱ ላይ ግሉት1 ብዙ ጊዜ በርከት ብሎ ይገኛል። ዲሃይድሮአስኮርቢክ አሲድ በሰውነት ሙቀት ዕድሜው የጥቂት ደቂቃ ነው፤ ሕዋስ ውስጥ ከገባ ግን ግሉታታዮን የተባለ የሕዋሱ የራሱ ሞለኪውል ኤሌክትሮን ሰጥቶ ወደ ቀድሞ መልኩ ይመልሰዋል። ከተመለሰ በኋላ በስኳሩ በር መውጣት አይችልምና እዚያው ይጠራቀማል።

ከገባ በኋላስ ምን ይሆናል?

አብዛኛው እየተለወጠና እየታደሰ ይዞራል። ከኖርአድሬናሊን ሥራ ሌላ ብረት ያዘሉ በርካታ ኢንዛይሞችን ያግዛል። አንዳንዶቹ ኦክስጅን ሲያንስ የሚነሳውን ኤችአይኤፍ የተባለ ፕሮቲን ልጓም የሚይዙ ናቸው። ሌሎቹ፣ ቴት የሚባሉት፣ በዲኤንኤ ላይ ያሉ ኬሚካዊ ምልክቶችን በማንሳት የትኛው ጂን እንደሚነበብ ይወስናሉ። በ2017 በአይጦች ላይ የወጡ ሁለት ጥናቶች ቫይታሚን ሲ ሲጎድል ቴት2 እንደሚዳከምና የደም ካንሰር እንደሚፋጠን አሳይተዋል። ያ ስለ ደም ካንሰር ነው፤ ወደ ኒውሮብላስቶማ በቀጥታ መገልበጥ አይቻልም። ቫይታሚኑ ለሕዋሱ አንድ ሥራ ብቻ እንደማይሠራለት ለመረዳት ግን ይበቃል።

ሳይታደስ የቀረው ክፍል ዳይኬቶጉሎኒክ አሲድ ወደሚባል ነገር ይፈርሳል፤ ከዚያ ወዲያ መመለሻ የለውም። የፈረሰው በከፊል ኦክሳሌት ሆኖ በሽንት ይወጣል። ይህን ኦክሳሌት ልብ በሉልኝ፤ ኋላ ስለ ኩላሊት ስናነሳ እንመለስበታለን።

ልጄ የሚደረግለት የሽንት ምርመራ ከዚህ ጋር ይያያዛል?

ይያያዛል። ሐኪሞች በሽንት ውስጥ የሚለኩት ሁለት ነገር ነው፤ ዶፓሚን ሲሰባበር የሚወጣው ሆሞቫኒሊክ አሲድ እና ኖርአድሬናሊን ሲሰባበር የሚወጣው ቫኒሊልማንዴሊክ አሲድ። ከ10 የኒውሮብላስቶማ ታማሚዎች በ9ኙ ገደማ ከሁለቱ አንዱ ወይም ሁለቱም ከፍ ብለው ይገኛሉ። ወረቀቱ ላይ የመጀመሪያው ከሁለተኛው በልጦ ካያችሁ፣ ሕዋሱ ዶፓሚኑን ወደ ኖርአድሬናሊን በደንብ እየለወጠ አይደለም፣ ማለትም ያልበሰለ ነው ማለት ሊሆን ይችላል፤ የተለያዩ ጥናቶችም ይህን ከከበደ በሽታ ጋር አያይዘውታል። ይህን የሚያነቡ አንዳንድ ወላጆች «እንግዲያው ቫይታሚን ሲ አንሶት ነው፤ ልጨምርለት» ወደሚል ሐሳብ ይሄዳሉ። እንደዚያ አይደለም። የጎደለው የሕዋሱ ብስለት ነው፤ ቫይታሚን በመጨመር አይሞላም።

ሽንቱ በሚሰጥበት ጊዜ ልጁ የሚወስደውን መድኃኒትና ቫይታሚን በሙሉ ለሐኪሙም ለላቦራቶሪውም መንገር ያስፈልጋል።

እንዲህ ከሆነ ቫይታሚን ሲ ካንሰሩን እየመገበው ነው? ብርቱካን ልከልክለው?

አትከልክሉት። ሕዋሱ ቫይታሚኑን ይጠቀምበታል እንጂ በእሱ ምክንያት ካንሰር አልሆነም፤ በመከልከልም አይከስምም። በምግብ የሚገኘውን ቫይታሚን ብታጎድሉበት ቀድሞ የሚጎዳው ልጁ ነው፦ ድዱ፣ አጥንቱ፣ ቁስሉ የሚድንበት ኃይል።

በላቦራቶሪ የካንሰር ሕዋሱን ገድሎታል ይባላል፤ እውነት ነው?

እውነት ነው፣ ግን እንዴት እንደገደለው መታወቅ አለበት። ቫይታሚን ሲ ስሙ ፀረ-ኦክሲዳንት፣ ማለትም ሕዋስን ከኦክሲዴሽን ጉዳት የሚጠብቅ ነው። መጠኑ በጣም ሲበዛና ብረት በአጠገቡ ሲኖር ግን ሥራው ይገለበጣል። ኤሌክትሮኑን ለብረት ይሰጣል፣ ብረቱ ለኦክስጅን ያቀብላል፤ በመጨረሻ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ይፈጠራል። ፐሮክሳይዱ እንደገና ከብረት ጋር ሲገናኝ ሃይድሮክሲል ራዲካል የሚባል፣ ያገኘውን ሁሉ የሚቆራርጥ ነገር ይወጣል፤ ዲኤንኤም አይተርፈውም።

ኒውሮብላስቶማ ላይ ይህ ጉዳይ የተለየ ትኩረት ያገኘው በብረት ምክንያት ነው። በሽታው በተስፋፋባቸው ልጆች ደም ውስጥ ፌሪቲን፣ ማለትም ብረት የሚያከማቸው ፕሮቲን፣ ብዙ ጊዜ ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ከፍታውም ጥሩ ምልክት አይደለም። በ1990ዎቹ በጀርመን አገር በቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ የሕፃናት ሕክምና ክፍል የነበሩ ተመራማሪዎች ቫይታሚን ሲ በኒውሮብላስቶማ ሕዋስ ውስጥ ካለው ፌሪቲን ላይ ብረትን እንደሚያላቅቅና ይህም ከዲኤንኤ መቆራረጥ ጋር እንዴት እንደሚያያዝ መርምረዋል። ሐሳቡ የሚያጓጓ ነበር፤ ካንሰሩ ያጠራቀመውን ብረት በራሱ ላይ ማዞር ነውና።

አሁን ሙከራው የሚሠራበትን ብልቃጥ እንመልከት። ሕዋሳቱ የሚኖሩበት ቀይ ወይም ሮዝ ፈሳሽ ስኳር፣ አሚኖ አሲድና ጨው አለው፤ ቫይታሚን ሲ ግን ብዙ ጊዜ የለውም፣ ቢኖረውም በሰዓታት ውስጥ ይበላሻል። እዚያ ውስጥ የሚያድጉት ሕዋሳት ቫይታሚኑ ተነፍጓቸው የኖሩ ናቸው። በዚህ ላይ በድንገት ብዙ ቫይታሚን ሲ ሲፈስ፣ ሕዋሱ ገና ሳይነካው ፈሳሹ ራሱ ውስጥ ባለው ጥቂት ብረትና መዳብ አማካይነት ፐሮክሳይድ ይፈላል። ደም ግን እንደዚያ ፈሳሽ አይደለም። ብረቱ ትራንስፈሪን በሚባል ፕሮቲን ታስሮ ይጓዛል፤ ቀይ የደም ሕዋሳትም ፐሮክሳይዱን በቅጽበት ያመክናሉ። ብልቃጥ ውስጥ የታየ ሞት ልጅ ሰውነት ውስጥ ይደገማል ብሎ ቃል መግባት ስለዚህ አይቻልም። እኔ በዚህ ጉዳይ ላይ ከሁሉም በላይ እንዲሰማልኝ የምፈልገው ይህንን ነው፤ «በሳይንስ ተረጋግጧል» እየተባለ የሚዞረው ወሬ ሁሉ የሚነሳው ከብልቃጡ ነውና።

ታዲያ ሎሚና ብርቱካን በብዛት ብሰጠው ወደዚያ መጠን አልደርስም?

አትደርሱም፤ አንጀት አይፈቅድም። በደንብ የሚበላ ጤነኛ ሰው በአንድ ሊትር የደም ፕላዝማው ውስጥ ያለው ቫይታሚን ሲ ከ50 እስከ 80 ማይክሮሞል ገደማ ነው። አዋቂ ሰው በአፉ የቻለውን ያህል እንክብል ቢውጥ ከ220 ገደማ አያልፍም። አንጀት መምጠጡን ይቀንሳል፣ ኩላሊት የተረፈውን ያስወጣል፣ የቀረውም ተቅማጥ ያመጣል። ብልቃጥ ውስጥ ሕዋስ የሚገድለው መጠን ግን በብዛት በሺዎች ማይክሮሞል የሚቆጠር ነው።

«ሎሚ ከኬሞቴራፒ 10,000 እጥፍ ይበልጣል» የሚለው መልእክት ለዓመታት ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ኖሯል። ሐሰት ነው። በዚህ መልእክት ምክንያት የኬሞ ቀጠሮ የሚዘልል ወላጅ ካለ እባካችሁ አስቁሙት። ሎሚውን ልጁ ከወደደው ይጠጣው፤ አፉ በኬሞ ቆስሎ ከሆነ ግን አሲዱ ስለሚያቃጥለው ቁስሉ እስኪድን ይቆየው።

በደም ሥር የሚሰጠውስ?

በደም ሥር ሲሰጥ አንጀት ስለሚታለፍ የደሙ መጠን ከ10,000 ማይክሮሞል በላይ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ታሪኩም ረጅም ነው።

በ1976 ስኮትላንዳዊው ሐኪም ዩዋን ካሜሮንና ኬሚስቱ ላይነስ ፖሊንግ በቫይታሚን ሲ የታከሙ የጠና ካንሰር ታማሚዎች ዕድሜ እንደተራዘመ ጻፉ። ጥናታቸው በዕጣ የተከፈለ ማነጻጸሪያ ቡድን አልነበረውም። የአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ በ1979 እና በ1985 ባወጣቸው በዕጣ የተከፈሉ ጥናቶች በቀን 10 ግራም በአፍ ሰጥቶ ምንም ጥቅም አላገኘም፤ ነገሩም ተዘጋ። በኋላ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ተመራማሪዎች በአፍና በደም ሥር የሚሰጠው አንድ እንዳልሆነ በልኬት ሲያሳዩ ጥያቄው እንደገና ተከፈተ። በ2005 በወጣ ሥራ ከፍተኛ መጠን ብዙ ዓይነት የካንሰር ሕዋሳትን በፐሮክሳይድ አማካይነት እየገደለ ጤነኞቹን እንደሚተው በብልቃጥ ታየ።

ከዚያ ወዲህ በአዋቂዎች ላይ የተገኘው ውጤት የተደባለቀ ነው። በቻይና በ2022 የወጣ ትልቅ የአንጀት ካንሰር ጥናት በጠቅላላው ታማሚ ላይ በሽታው ሳይባባስ የሚቆይበትን ጊዜ አላራዘመም። በ2024 ደግሞ ከአሜሪካዋ አዮዋ በ34 የቆሽት ማለትም የፓንክሪያስ ካንሰር ታማሚዎች ላይ በተሠራ አነስተኛ ጥናት፣ ከኬሞ ጋር በደም ሥር ቫይታሚን ሲ የወሰዱት በሕይወት የቆዩበት መካከለኛ ጊዜ 16 ወር ሲሆን ኬሞ ብቻ የወሰዱት 8.3 ወር ነበር። ይህ ተስፋ ይሰጣል፤ በትልቅ ጥናት መደገም አለበት። ሁለቱም ግን ስለ አዋቂዎች፣ ሁለቱም ስለ ሌላ ካንሰር ናቸው። ለኒውሮብላስቶማ መደበኛ ሕክምና ውስጥ በደም ሥር የሚሰጥ ቫይታሚን ሲ የለም። በግል ክሊኒክ ገንዘብ ተቀብሎ ለሕፃን ይህን የሚሰጥ ካለ፣ የምርምር ፈቃድና ክትትል ያለው ጥናት ካልሆነ በቀር እኔ በበኩሌ አልቀበለውም።

ከኬሞ ጋር አብሮ ቢሰጥ ምን ይጎዳል?

ሊጎዳ የሚችልበት ምክንያት አለ። በ2008 ኒውዮርክ ከሚገኘው ሜሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ የወጣ ጥናት የደም ካንሰር ሕዋሳትን አስቀድሞ በዲሃይድሮአስኮርቢክ አሲድ ሞላቸው። ያን ጊዜ ዶክሶሩቢሲን፣ ሲስፕላቲን፣ ቪንክሪስቲን እና ሌሎችም መድኃኒቶች ሕዋሳቱን የመግደል አቅማቸው ቀነሰ፤ ካንሰር በተተከለባቸው አይጦች ላይም ተመሳሳይ ነገር ታየ። የተጠቀሱት ሦስቱ መድኃኒቶች ለኒውሮብላስቶማም ይሰጣሉ። በልጆች ላይ ይህ መድረሱ አልተረጋገጠም፤ ነገር ግን ልጁ ያን ሁሉ ማስመለስና የፀጉር መርገፍ የሚችለው መድኃኒቱ እንዲሠራለት ነውና መድኃኒቱን ሊያዳክም የሚችል ነገር ማስጠጋት ምን ይጠቅማል?

ዘመድ ከአሜሪካ የላከልን ባለ 1,000 ሚሊግራም እንክብል አለ፤ ግማሹን ልስጠው?

ግማሹም ብዙ ነው። በአሜሪካ መመሪያ መሠረት ከ1 እስከ 3 ዓመት ያለ ልጅ በቀን የሚያስፈልገው 15 ሚሊግራም፣ ከ4 እስከ 8 ዓመት ያለው 25 ሚሊግራም ነው። ላለማለፍ የተቀመጠው ጣሪያ ደግሞ ለመጀመሪያዎቹ 400፣ ለሁለተኞቹ 650 ሚሊግራም ነው። ግማሽ እንክብል 500 ሚሊግራም ስለሆነ ለሦስት ዓመት ልጅ ከጣሪያው በላይ ነው። ሽሮፕና ማስቲካ መሰል ቫይታሚኖችም ውስጣቸው ስንት እንዳለ ጠርሙሱ ላይ መነበብ አለበት፤ ሁለት ሦስት ዓይነት ሲደራረብ ሳይታወቅ ይበዛል።

15 እና 25 ሚሊግራም ከገበያ በቀላሉ ይገኛል። ዘይቱን ከፍራፍሬዎቻችን ሁሉ የበለጠ ቫይታሚን ሲ አለው፤ አንድ መካከለኛ ፍሬ ለትንሽ ልጅ ከቀን ፍላጎቱ በብዙ ያልፋል። ፓፓያ፣ ብርቱካን፣ ማንጎ፣ ቲማቲም ሁሉም ይሰጣሉ። ቃሪያም ሀብታም ነው፣ ለሕፃን ያቃጥላል እንጂ። ጎመን ጥሬውን ብዙ አለው፤ ረጅም ሰዓት ሲቀቀል አብዛኛው ይጠፋል፣ የተረፈውም ውሃው ውስጥ ይቀራል፤ ስለዚህ ቶሎ ከምድጃ ይውጣ፣ ውሃውም አይደፋ። ነጭ የደም ሕዋሱ በኬሞ ለወረደ ልጅ ፍራፍሬው በንጹሕ ውሃ ታጥቦ የሚላጠው ዓይነት ቢሆን ይመረጣል።

ቫይታሚን ሲ ራሱ ሊያንሰው ይችላል?

ይችላል። ሰው ከአብዛኞቹ እንስሳት በተለየ ቫይታሚን ሲን በራሱ አይሠራም፤ የመጨረሻውን ኢንዛይም የሚሰጠው ጂን በኛ ዘንድ ተበላሽቷል። አፉ ቆስሎ፣ እያስመለሰው፣ ለሳምንታት ወተትና ገንፎ ብቻ የሚቀምስ ልጅ ሊጎድለው ይችላል። ድድ ማበጥና መድማት፣ በቆዳ ላይ ትንንሽ የደም ነጠብጣቦች፣ እግርን ለማንቀሳቀስ እምቢ ማለት የስከርቪ ምልክቶች ናቸው። ችግሩ እነዚሁ ምልክቶች ከካንሰሩም ከኬሞውም ሊመጡ መቻላቸው ነው። ስለዚህ በግምት ከመጨመር ለሐኪሙ ተናግሮ ማስለካት ይሻላል። ጉድለት ከተገኘ ሐኪሙ የሚያዘው መጠን ሕክምና ነው፤ ከላይ ካስጠነቀቅሁት ጋር አይጋጭም።

ብዙ ቫይታሚን ሲ በተለይ የሚያሰጋው ለየትኛው ልጅ ነው?

ጂ6ፒዲ የሚባለው ኢንዛይም በውልደት ለጎደለው ልጅ ከፍተኛ መጠን ቀይ የደም ሕዋሳቱን ሊያፈርስ ይችላል። ይህ ጉድለት በባሕረ ሰላጤው አገሮች የተለመደ ነው፤ በእኛም አገር በጋምቤላ በኩል ከደጋው ይልቅ ይበዛል። ኩላሊቱ ለተጎዳ ልጅም ያሰጋል፤ ቀደም ሲል ያነሳነው ኦክሳሌት ጠጠር ይሠራልና። ሲስፕላቲን ደግሞ ኩላሊትን የሚጎዳ መድኃኒት መሆኑ ይታወሳል። ደም ደጋግሞ የተሰጠው ልጅ ሰውነቱ ውስጥ ብረት ይጠራቀማል፤ ቫይታሚን ሲ ብረትን የበለጠ ያስመጥጣል፣ የተጠራቀመውንም ያንቀሳቅሳል። በደም ሥር ብዙ ከተሰጠ በጣት የሚለካ አንዳንድ የስኳር መለኪያ የሐሰት ከፍተኛ ቁጥር ያሳያል፤ ያን አምኖ ኢንሱሊን መስጠት አደጋ ነው።

ለኒውሮብላስቶማ ከቫይታሚን ወገን የተረጋገጠ ነገር አለ?

አለ፤ ከቫይታሚን ኤ በኩል ነው። አይሶትሬቲኖይን የተባለው የቫይታሚን ኤ ዝርያ ያልበሰሉትን ሕዋሳት ወደ ብስለት ይገፋል። በ1999 በወጣ በዕጣ የተከፈለ ጥናት ከፍተኛ አደጋ ያለባቸው ልጆች ከኬሞ በኋላ ሲወስዱት በሽታው እንዳይመለስ ረድቷል፤ ስለዚህ የሕክምናው አካል ሆኗል። ቤት ውስጥ ያለ የቫይታሚን ኤ እንክብል ግን አይተካውም፤ ይልቁንም ከመድኃኒቱ ጋር ከተደረበ መርዝ ይሆናል። ቫይታሚን ሲ ይህን መንገድ ገና አልሄደም።

የቀረው ሕክምና እንደ አደጋው ደረጃ ነው። አነስተኛ አደጋ ያለበት ልጅ ቀዶ ሕክምና ብቻ፣ አንዳንዴም ክትትል ብቻ ይበቃዋል፤ ከነዚህ ከ10 ልጆች ከ9 በላይ ይድናሉ። ከፍተኛ አደጋ ያለበት ኬሞ፣ ቀዶ ሕክምና፣ የራሱን ግንደ ሕዋስ መልሶ መስጠት፣ ጨረር፣ እንዲሁም ዲኑቱክሲማብ የተባለውን፣ በካንሰር ሕዋሱ ገጽ ላይ ባለው ጂዲ2 በተባለ ሞለኪውል ላይ ያነጣጠረ መድኃኒት ይፈልጋል፤ ዲኑቱክሲማብ በአሜሪካ በ2015 ተፈቅዷል። በዚያው አገር በ2023 መጨረሻ ዲኤፍኤምኦ የተባለ መድኃኒት ተጨምሯል። እንዲህም ሆኖ ከዚህ ቡድን ግማሽ ያህሉ ነው የሚተርፈው፤ ወላጅ አማራጭ ፍለጋ ቢንከራተት አይፈረድበትም። በአገራችን የነዚህ ሁሉ አቅርቦት አንድ ዓይነት አይደለም። ጥቁር አንበሳን በመሳሰሉ የሕፃናት ካንሰር ክፍል ባላቸው ሆስፒታሎች ለልጃችሁ የሚገኘው የትኛው እንደሆነ በግልጽ ጠይቁ።

ሐኪሙን ሳላስቆጣ ስለ ቫይታሚን እንዴት ላንሳ?

ጠርሙሱን ይዛችሁ ሂዱ፤ ስሙን በቃል ከመናገር ይሻላል። «ይህን እየሰጠሁት ነው» ወይም «ልሰጠው አስቤ ነበር፤ ከሚወስደው ኬሞ ጋር ይጋጫል ወይ?» በሉ። ስንት ሚሊግራም፣ በቀን ስንት ጊዜ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ተናገሩ። ጂ6ፒዲ ተመርምሮ እንደሆነ፣ ፌሪቲኑ ስንት እንደሆነ፣ ኩላሊቱ እንዴት እንዳለ ጠይቁ። እስካሁን ስትሰጡት ቆይታችሁ ከሆነም አትደብቁ። ሐኪሙ የደም ምርመራውን የሚያነበው፣ የመድኃኒቱን መጠን የሚወስነው ልጁ በሚወስደው ነገር ሁሉ ላይ ተመሥርቶ ነው፤ ያልተነገረውን ሊያሰላ አይችልም።